አፕዴት ያልደረሰው ስልክ

2024፣ ሁዳዴ ጾም አጋማሽ ላይ፣ አንድ እሁድ ጠዋት አክስቴ ከደብረ ብርሃን ደወለችልኝ። ገና ሰላምታው ሳያልቅ "አንተ፣ አባባን ምን አደረግካቸው?" አለችኝ።

አባባ አያቴ ናቸው፤ የእሷ አባት። ካረፉ ቆይተዋል። ከማረፋቸው በፊት ግን አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ድምፃቸውን በስልኬ ቀድቼ ነበር፤ የትውልድ ቆጠራቸውን፣ በእግራቸው አዲስ አበባ የገቡበትን ታሪክ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ረጅም ምርቃት። ዘመድ ሁሉ ካለበት ሆኖ እንዲሰማው ብዬ ትንሽ ድረ ገጽ ሠራሁና እዛ ላይ ጫንኩት። አክስቴ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና እየተፈላ ትሰማዋለች። የዛን ቀን ስትከፍተው ቀይ ምልክት መጣባት። "ሌባ ሊሰርቅሽ ይችላል ይለኛል። አባባ ጋ ሌባ ገባ እንዴ?"

በኔ ስልክ ከፈትኩት፤ ይሠራል። በላፕቶፕ ሞከርኩት፤ ይሠራል። እኛ ፕሮግራመሮች እርስ በርስ የምንቀላለድባትን ነገር በቁም ነገር ተናገርኳት፦ "እኔ ጋ እኮ ይሠራል።"

ስልኳን ልጇ ናት በ2016 ከጅዳ የላከችላት። አንድሮይድ 5.1 ነው። "አፕዴት አድርጊው" አልኳት። የጎረቤት ልጅ ጠርታ ሴቲንግ ውስጥ አስገባችው። ስልኩ ምን አለ መሰላችሁ? አዲስ አፕዴት የለም፣ ሲስተሙ ወቅታዊ ነው አለ። አልዋሸም እኮ። ለሱ የተሠራለት የመጨረሻው ስሪት ያ ነበር፤ ከዛ በኋላ ማንም አላስታወሰውም። (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

አንድ ስልክ ተሸጦ ሳጥኑ ከተጣለ በኋላ ማን ነው የሚያስታውሰው? ጥያቄው ከስማርትፎን ጋር አብሮ የተወለደ ነው። አይፎን በ2007 ሲወጣ ሲስተሙን ለማደስ ኮምፒውተር ላይ በገመድ መሰካት ግድ ነበር። ኮምፒውተር የሌለው ሰው የለም ተብሎ የታሰበ ነው የሚመስለው። አፕል ያለ ገመድ፣ በቀጥታ በኢንተርኔት ማደስ የጀመረው በጥቅምት 2011፣ በአይኦኤስ 5 ነው። ቢሆንም እዛ ሰፈር ሥርዓቱ ቀላል ነው፦ ስልኩንም ሲስተሙንም የሚሠራው አንድ ኩባንያ ስለሆነ፣ ወሰነ ማለት አለቀ ማለት ነው።

አንድሮይድ ላይ ነገሩ የተለየ ነው። ጉግል አዲሱን ስሪት ይለቃል። ከዛ ቺፑን የሚሠራው ኩባንያ ለራሱ ቺፕ ያስማማዋል። ከዛ ስልኩን የሚሠራው ኩባንያ የራሱን መልክና የራሱን አፖች ይጨምርበታል። ባንዳንድ አገር ደግሞ የቴሌኮም ድርጅቱ ፈትሾ ካላሳለፈው አይወጣም። ከነዚህ አንዱ "ለዚህ ሞዴል አልደክምም" ካለ እዛው ቆመ ማለት ነው። ርካሽ ስልክ ላይ ደግሞ ለምን ይደከማል? ገንዘቡ የተገኘው ስልኩ ሲሸጥ ነው፤ አፕዴት ወጪ እንጂ ገቢ የለውም። በየዓመቱ አዲስ አንድሮይድ ወጣ ሲባል ለብዙው የዓለም ሕዝብ ላም አለኝ በሰማይ ነበር።

ጉግል ችግሩ ጠፍቶት አይደለም። በግንቦት 2011 ባካሄደው የገንቢዎች ጉባኤ ላይ ከስልክ አምራቾችና ከቴሌኮም ድርጅቶች ጋር ሆኖ አዳዲስ ስልኮች ቢያንስ ለ18 ወር አፕዴት እንዲያገኙ ተስማምተናል ብሎ አወጀ። ስምምነቱ ብዙም ሳይቆይ ተረሳ። እንዲያውም በ2013 መጨረሻ ላይ አንድሮይድ 4.4 ሲወጣ፣ የጉግልን የራሱን ስም ይዞ የተሸጠው ጋላክሲ ኔክሰስ አይደርሰውም ተባለ። ስልኩ ገበያ ከወጣ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። ቺፑን የሠራው ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ከስማርትፎን ቺፕ ሥራ አስቀድሞ ወጥቶ ነበር። የባለቤቱ ስልክ እንዲህ ከሆነ የሌላው ምን ይባላል?

መፍትሔ የሚመስል ነገር የመጣው በ2017 ነው። ከአንድሮይድ 8 ጋር ጉግል የሲስተሙን አካል ከቺፑ አካል ለየ፤ ፕሮጀክት ትሬብል ይሉታል። ከዛ ወዲህ የስልክ አምራቹ ቺፕ ሠሪውን እየጠበቀ ሳይቆም ሲስተሙን ማደስ ይችላል። ጥሩ ሥራ ነው። ግን የሚጠቅመው ከዛ በኋላ ለተሠሩ ስልኮች ነበር። አክስቴ እጅ ላይ ያለው በዛን ጊዜ ዘመን አልፎበታል።

እሺ፣ አፕዴት አልደረሰውም። ታዲያ ለስንት ዓመት ሲሠራ የቆየ ድረ ገጽ አንድ እሁድ ጠዋት ለምን እምቢ ይላል? እኔን ራሴን ያስገረመኝ ይሄ ነው።

ድረ ገጽ ስትከፍቱ ስልካችሁ "ማነህ?" ብሎ ይጠይቀዋል። ድረ ገጹ ሰርተፍኬት ያሳያል። ሰርተፍኬቱ ላይ ያረፈውን ማኅተም ስልኩ ካወቀው ያሳልፋል፤ ካላወቀው ቀዩ ምልክት ይመጣል። ስልኩ የሚያውቃቸው ማኅተሞች ዝርዝር አብሮት ከፋብሪካ ይወጣል። አንድሮይድ ላይ ያ ዝርዝር የሚታደሰው ደግሞ ለብዙ ዓመታት ሲስተሙ ራሱ ሲታደስ ብቻ ነበር። (ይሄ የተስተካከለው በ2023፣ በአንድሮይድ 14 ነው።)

የኔ ድረ ገጽ ሰርተፍኬት የሚያወጣው ከሌትስ ኢንክሪፕት ነው። ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው፤ ከ2015 ጀምሮ ለማንም ሰው በነፃ ይሰጣል። እንደኔ በኪሱ ገንዘብ ትንሽ ድረ ገጽ የሚያቆም ሰው ሁሉ ባለውለታው ነው። ሲጀምር ግን አዲስ ስለነበር ማኅተሙን የሚያውቅ ስልክ አልነበረም። ስለዚህ ዋስ ያዘ። አይደንትረስት የሚባል፣ ስልኮች ሁሉ ቀድሞ የሚያውቁት ድርጅት "እኔ አውቀዋለሁ" ብሎ ፈረመለት። የሌትስ ኢንክሪፕት የራሱ ማኅተም አንድሮይድ ውስጥ የገባው በ2016 መጨረሻ፣ በ7.1.1 ነው። ከዛ በታች ያለ ስልክ የሚያምነው በዋሱ ነው።

የዋሱ ማኅተም ደግሞ ቀን ነበረው፤ መስከረም 30፣ 2021 ያበቃል። በኅዳር 2020 ሌትስ ኢንክሪፕት ቁጥሩን ይፋ ሲያደርግ፣ ከአንድሮይድ ስልኮች 33.8 በመቶው ከ7.1 በታች ነበሩ። አስቡት፤ ከሦስት ስልክ አንዱ ማለት ነው። ድርጅቱ መጀመሪያ ተስፋ ቆርጦ ነበር። በሚቀጥለው ወር ግን ዘዴ ተገኘ፦ የድሮ አንድሮይዶች ከፋብሪካ ይዘውት የወጡትን ማኅተም ቀኑ አልፏል ወይ ብለው አያዩም። ማኅተሙን ካወቁት በቃ። ስለዚህ አይደንትረስት ከራሱ ማኅተም ዕድሜ የሚሻገር የሦስት ዓመት ፊርማ ፈረመ። ሟች ዋስ ሆኖ ሚሊዮኖች ስልኮች ድረ ገጽ መክፈታቸውን ቀጠሉ! የአንድሮይድ አንድ ቸልተኝነት ለድሃው ስልክ ሦስት ዓመት ገዛለት። በሙያዬ ውስጥ እንደዚህ የምወደው ታሪክ ጥቂት ነው።

ሦስቱ ዓመት ሲያልቅ ግን ድርጅቱ አልደገመውም። በሐምሌ 2023 ባወጣው ማስታወቂያ ላይ እንደተናገረው፣ 7.1 እና ከዛ በላይ ያሉት አንድሮይዶች 93.9 በመቶ ደርሰው ነበር። ከየካቲት 2024 ጀምሮ ሰርተፍኬት ያሳደሰ ድረ ገጽ፣ ካልጠየቀ በስተቀር፣ ያለ ዋስ ተሰጠው። የኔ ሰርቨር በራሱ ነው የሚያሳድሰው፤ ማታ አሳደሰ፣ እኔ ተኝቻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ማስታወቂያው ከወጣ ዘጠኝ ወር ሊሞላው ነበር፣ አላነበብኩትም። አክስቴ በቀሪው 6.1 በመቶ ውስጥ ናት።

እውነቱን ለመናገር በነሱም መፍረድ አልችልም። በሥራዬ እኔም አንድ አፕ ላይ ያው ነገር አድርጌያለሁ። ፋይሉ ውስጥ ያለችውን አንዲት ቁጥር ከ21 ወደ 24 ቀየርኩ፤ አንድሮይድ 5 እና 6 ያለው ሰው ከዛ በኋላ የሚወጣውን አያገኝም ማለት ነው። ሥራ ይቀንሳል፣ ስህተት ይቀንሳል፣ የሚቀሩት ሰዎች ጥቂት ናቸው። ለውጡን ያየችው ባልደረባዬ በአንድ ደቂቃ ውስጥ አጸደቀችው። እነዛ ጥቂት ሰዎች ማን እንደሆኑ አልተነጋገርንም።

አሁን ጉግልም ሳምሰንግም ለውድ ስልኮቻቸው ሰባት ዓመት አፕዴት ቃል ገብተዋል፤ ጉግል በጥቅምት 2023 በፒክስል 8፣ ሳምሰንግ በጥር 2024 በጋላክሲ ኤስ24። በነዛ ስልኮች ዋጋ የአክስቴን ዓይነት ስንት እንደሚገዛ ማስላቱን ለእናንተ ልተወው።

የአክስቴን ጉዳይ የፈታው ፋየርፎክስ ነው። ፋየርፎክስ የማኅተም ዝርዝሩን ከስልኩ አይበደርም፤ የራሱን ይዞ ይዞራል። ሌትስ ኢንክሪፕት ራሱ በ2020 የድሮ ስልክ ላላቸው ሰዎች የመከረው ይሄንኑ ነበር። የጎረቤቱ ልጅ ሊጭንላት ሲል ቦታ የለም አለ፤ ለበዓል የተላከላትን የመልካም ምኞት ቪዲዮ ሁሉ አንድ በአንድ አስመርጣ አስጠፋችው። ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። ማታ ደውላ ምንም ሳትናገር ስልኩን ወደ ሌላኛው ስልክ አስጠጋችልኝ፤ አባባ ይመርቃሉ።

"ይሄስ እስከ መቼ ነው የሚሠራው?" አለችኝ ሲጨርሱ።

ለፋሲካ ስሄድ ድምፆቹን በሙሉ በሚሞሪ ካርድ ገልብጬ ይዤላት ሄድኩ።