አይጂኢ ሲበዛ ሁሉ አለርጂ አይደለም
ከሉማሜ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ደሙን የተመረመረ ሰው፣ ወረቀቱ ላይ አይጂኢ ከፍ ብሎ ሲያይ "አለርጂ አለብኝ" ብሎ እንጀራውን እስከ መተው ሊደርስ ይችላል።

ይህ ፀረ እንግዳ አካል ስሙን ባገኘበት በ1960 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1968) ስዊድናውያኑ ዮሃንሶን፣ ሜልቢንና ቫልክዊስት በላንሴት መጽሔት አንድ ጥናት አወጡ። ለትምህርት ያልደረሱ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት አይጂኢ ከስዊድን እኩዮቻቸው በብዙ እጥፍ በልጦ ተገኘ። አለርጂ በዝቶባቸው አይደለም፤ የተጠረጠረው ወስፋት ነው። ሰውነት የሆድ ትልንም የሚመክተው በዚሁ ነውና።

ጠቅላላ መጠኑ ትልን ከአለርጂ አይለይም። ርካሹ የሰገራ ምርመራ ይቅደም፤ ለአቧራ ወይም ለአንድ ምግብ ተለይቶ የሚለካው አይጂኢ ከዚያ በኋላ ይምጣ፣ እሱም በሽተኛው ምን ሲነካው ወይም ሲበላ እንደሚያመው በደንብ ከተጠየቀ።