የላፕቶፕ ፕሮሰሰር መዝቀጥ (በሊኑክስ)

በሊኑክስ በሚሠራ ላፕቶፕ ላይ ፕሮሰሰሩ ሥራ በዝቶበት ሳለ ፍጥነቱ ከሚገባው በታች ተይዞ ሲቀር ችግሩ በባለሙያዎች ዘንድ «ትሮትሊንግ» ይባላል። ሥራ የሌለው ፕሮሰሰር ኃይል ለመቆጠብ ፍጥነቱን መቀነሱ ጤናማ ጠባዩ ነው። ስለዚህ ምርመራው የሚካሄደው ማሽኑን ከባድ ሥራ አስይዞ ነው። ከርነሉ የወቅቱን ፍጥነት በኪሎኸርዝ ስለሚጽፍ 800000 የሚለው ንባብ 800 ሜጋኸርዝ ማለት ነው፤ በዜሮዎቹ ብዛት የሚታለል አይጠፋም።

ፍጥነቱን የሚያስተዳድረው «ሲፒዩፍሪክ» የተባለው የከርነሉ ክፍል ሲሆን፣ ምን ያህል ከፍ ይበል የሚለውን የሚወስነው «ገቨርነር» ይባላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። «ፓወርሴቭ» የሚል ስም ሲያይ ጥፋተኛውን ያገኘ ይመስለዋል። በቀድሞው ድራይቨር ፓወርሴቭ በእርግጥ ፕሮሰሰሩን ከዝቅተኛው ፍጥነት ጋር ያስረዋል፤ በ2013 ከከርነል 3.9 ጋር በመጣው «ኢንቴል ፒስቴት» ግን በተለመደው አሠራሩ ሥራ ሲመጣ ፍጥነቱን ከፍ ያደርጋል። ስሙ አንድ፣ ጠባዩ ሁለት ነው።

ሙቀት ግልጽ ምክንያት ነው። ብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርሱ ራሳቸውን ይገታሉ፤ ከርነሉም ስንት ጊዜ እንደተገቱ ይቆጥራል። አቧራ የዘጋው ፋንና የደረቀ ቴርማል ፔስት ዋነኞቹ ተጠያቂዎች ናቸው። የኃይል ገደብ ግን ከብልሽት አይቆጠርም። ኮር አይ5-8250ዩ እስከ 3.4 ጊጋኸርዝ ይወጣል፤ መነሻ ፍጥነቱ ግን 1.6 ጊጋኸርዝ፣ የተመደበለት ኃይልም 15 ዋት ነው። ለጥቂት ጊዜ ፈጥኖ ቢወርድ የተሠራበትን ነው የፈጸመው።

አስቸጋሪው ፕሮሰሰሩ ሳይሞቅ 400 ወይም 800 ሜጋኸርዝ ላይ ሲቸነከር ነው። ገቨርነሩ ቢቀየር፣ ሊኑክስ እንደገና ቢጫን የሚለወጥ ነገር አይኖርም። ብዙ ጊዜ ከጀርባው ያለው «ቢዲ ፕሮክሆት» የሚባለው ምልክት ነው፤ ማዘርቦርዱ «ሞቄአለሁ፣ ቀንስ» የሚልበት መስመር ነው። ፕሮሰሰሩ የመልእክቱን እውነትነት የሚያጣራበት መንገድ የለውም፤ ዝም ብሎ ይታዘዛል። የተበላሸ ሴንሰር፣ ያረጀ ባትሪ ወይም ያልታወቀ ቻርጀር ምልክቱን ሊያስነሳ ይችላል። በብዙ የዴል ላፕቶፖች የቻርጀሩ መሰኪያ መሀል ያለችው ቀጭን ፒን የቻርጀሩን ማንነት ታሳውቃለች፤ ፒኗ ከተሰበረች ወይም ቻርጀሩ ተመሳስሎ የተሠራ ከሆነ ባትሪው አይሞላም፣ ፕሮሰሰሩም ይዘቅጣል። በመሆኑም ቻርጀሩን ነቅሎ በባትሪ መሞከር ከማንኛውም ትእዛዝ መቅደም አለበት። ፍጥነቱ ከተመለሰ መፍትሔው ትክክለኛ ቻርጀር መግዛት ነው።

ችግሩ የሴንሰር ከሆነ 1ኤፍሲ በተባለው ሬጅስተር የመጀመሪያዋን ቢት ወደ 0 በመለወጥ ፕሮሰሰሩ ምልክቱን ችላ እንዲል ማድረግ ይቻላል። ፕሮሰሰሩ የራሱን የሙቀት መከላከያ እንደያዘ ይቆያል፤ ጥበቃውን የሚያጣው ኃይል የሚያቀርቡለት የቦርዱ ክፍሎች ናቸው። ለውጡ ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ ይሰረዛል። ሴኪዩር ቡት በበራበት ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ብዙ የሊኑክስ ስርጭቶች ከርነሉን ስለሚቆልፉት ሬጅስተሩ ላይ መጻፍ አይቻልም።