የጓሮ ጋራዥና የእጅ ሙያ ታሪክ

የታሪክ መጻሕፍት ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ብዙ ይናገራሉ፤ ስለ መፍቻና ስለ ጉጠት ግን እምብዛም አያነሡም። ይሁን እንጂ በደቡብ ካርቱም፥ በጀብራ ሠፈር፥ በየጓሮው ሞተር ብስክሌት ሲጠግኑ ያየናቸው ወገኖቻችን ሙያ የራሱ ታሪክ አለው።

በ1900 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች ተገጣጠሙ። የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ ገባ፤ በዚያው ዓመት ዳግማዊ ምኒልክ ብረት ሠሪውን፥ ሸማኔውንና ፋቂውን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አገሩ መኪናውን ወደደ፤ ስድቡን ግን ቶሎ አልተወም።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣልያን አገራችንን ወረረ። ወራሪው ተባርሮ ሲወጣ ቃላቱ ቀሩ፦ ካንዴላ፥ ፍሪሲዮን፥ ካቻቪቴ፥ ቸርኬ፥ ጎሚስታ። ሱዳን ደግሞ እስከ 1948 ዓ.ም. በእንግሊዝ እጅ ስለ ነበረች የጎማ ጥገናው ስም ከእንግሊዝኛ መጥቶ «በንሸር» ሆነ። ጀብራ ያደገ የሐበሻ ልጅ ለአንድ ቀዳዳ የሁለት ባዕዳንን ቃል ተማረ።

ቃሉ የባዕድ ቢሆንም ዘዴው ከችግር የተወለደ ነው። ሰልባትዮ ቤንዚን ሲያፈስ ባለሙያው ቀዳዳውን በደረቅ ሳሙና ያሸዋል፤ ሳሙና በውሃ እንጂ በቤንዚን አይሟሟምና እስኪበየድ ድረስ ይይዛል። የተቀደደ ጓርኒሲዮን በካርቶን ይተካል፤ ካርቶኑ በልኩ ተቆርጦ ግራሶ ይቀባል። ካልማዳሪያ ከከተማ ውጭ ቢፈነዳ ጎማው ውስጥ ሣር ይጠቀጠቃል፤ ቀስ ተብሎ ይነዳል። የካርቡራቶር ቀዳዳ ሲደፈን ከመብራት ሽቦ አንድ ዘለላ መዳብ ተመዝዞ ይገባበታል፤ መዳብ ለስላሳ ስለ ሆነ ቀዳዳውን አያሰፋም። ሰልባትዮ ሲበየድ ደግሞ በውሃ ሳይሞላ እሳት አይቀርበውም፤ ባዶ የሚመስለው በውስጡ የቀረው ትነት ይፈነዳልና።

ይህ ሁሉ የዕድል ነገር አይደለም። እኛ በመምህራን ማሠልጠኛ በጥቁር ሰሌዳ የተማርነውን ፊዚክስና ኬሚስትሪ እነርሱ በጣታቸው ያውቁታል። ነገር ግን ዲፕሎማ ያለን ሰዎች በግራሶ የቆሸሸ እጅ ለመጨበጥ ስንሸሽ መታየታችን፥ የ1900 ዓ.ም. አዋጅ ሥራውን ገና እንዳልጨረሰ ያሳያል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሣ። የጀብራ ጓሮዎች ተበተኑ፤ ሞርሳውም መፍቻውም እዚያው ቀረ። ሰው ይዞ የወጣው በራሱ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። አበው «ሙያ በልብ ነው» ይላሉ፤ በልብ ብቻ የቀረ ሙያ ግን ከሰውየው ጋር ተሰድዶ ከሰውየው ጋር ይቀበራል።

ስለዚህ፥ ውድ አንባብያን፥ በየድንኳኑ ያላችሁ መካኒኮች፥ በያጆችና ጎሚስታዎች ዘዴያችሁን ንገሩን። ልጆች አጠገባችሁ ተቀምጠው ይዩ። ፊደል የቆጠርን ደግሞ በዚህችው ገጽ እንጽፈዋለን።