ሰው ይለያሉ?

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን የሚጓዝ ሰው ጫጫን በመኪና መስኮት አይቶ ያልፋታል። የአንጎለላና ጠራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከእርሷ ብዙ የማይርቀው አንጎለላ ግን በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን መናገሻ ነበር። የልጃቸው የኃይለ መለኮት ልጅ፣ በኋላ ዳግማዊ ምኒልክ የተባሉት፣ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. እዚያ ተወለዱ። (አንጎለላ ከ«አንጎል» ጋር መመሳሰሉ አጋጣሚ ነው፤ የዛሬው ወጋችን ግን ስለ አንጎል ነው።)

ስለ ዓድዋው ምኒልክ ብዙ ተጽፏል። ስለ አልጋ ላይ ምኒልክ የተጻፈው ጥቂት ነው፤ እርሱም ቢሆን በችኮላ የታለፈ ይመስለኛል። ሕመሙ ንጉሡን አስቀድሞ ሲመላለስባቸው ቆይቶ ጥቅምት 17 ቀን 1902 ዓ.ም. ከባድ ስትሮክ መታቸው። ሰውነታቸው ሽባ ሆነ፤ አንደበታቸው ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ከአራት ዓመት በላይ በሕይወት ቆይተዋል። አንዳንድ የታሪክ መጻሕፍት ግን አእምሯቸው ያን ዕለት እንደሞተ አድርገው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘጉታል።

ይህን ማን መረመረ?

በአገራችን አስታማሚ ዘንድ ሊጠይቅ የመጣ ዘመድ በር ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሰው ይለያል?» ይላል። የተራ ሰው ጥያቄ ቢመስልም የሕክምናው ጥያቄ ራሱ ነው። በምኒልክ ቤተ መንግሥት ደግሞ የመንግሥት ጥያቄ ሆነ። ንጉሡ የሚያውቁ ከሆነ በስማቸው የሚወጣው ትእዛዝ የእርሳቸው ነው፤ የማያውቁ ከሆነ የሚናገረው ማን ነው? እቴጌ ጣይቱ በባላቸው ስም ሹም ሽር ሲያደርጉ መኳንንቱ የተነሡባቸው በዚህ ነው። መጋቢት 1902 ዓ.ም. እቴጌይቱ ከመንግሥት ሥራ ተገልለው ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ ተደረገ፤ ሥልጣኑ የአልጋ ወራሹ የልጅ ኢያሱ ሞግዚት ለሆኑት ለራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ተላለፈ። ከባሕር ማዶ የመጡት ሐኪሞችም አልተስማሙም። ጀርመናዊው ዶክተር ሽታይንኩለር ንጉሡ ተመርዘዋል እስከ ማለት ደርሶ ግቢውን አወከ።

በዚያን ጊዜ ለሐኪም የነበረው ዓይኑና እጁ ብቻ ነው። የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ ስለ መመዝገብ ሃንስ ቤርገር ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1929 ነው፤ ዛሬ በየሆስፒታሉ የሚሠራበት የግላስጎው ኮማ መለኪያ የወጣው በ1974 ነው። መለኪያው ዓይን መግለጥን፣ መናገርንና መንቀሳቀስን እየቆጠረ ከ3 እስከ 15 ነጥብ ይሰጣል። አንደበቱ የተዘጋ በሽተኛ እያወቀም ቢሆን የንግግሩን ነጥብ ያጣል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ስትሮክ የአንጎልን የቋንቋ ክፍል ሲመታ ሰውየው ንግግር ላይገባው ይችላል፤ ፊት ግን ይለያል፣ ያዝናል። «እጅዎን ያንሡ» ቢባል የማያነሣው ነገሩ ስላልገባው፣ እጁ ስላልታዘዘለት ወይም በዚያች ሰዓት ስለደከመው ሊሆን ይችላል። ሁሉን እያወቀ ከዓይኑ በቀር የሚያንቀሳቅሰው የሌለውም አለ።

ስለዚህ የዛሬ ሐኪሞች አንድ ቀን አይተው አይፈርዱም፤ በተለያየ ሰዓት ደጋግመው ይፈትናሉ። ከፈተናዎቹ አንዱን በጣም እወደዋለሁ፦ በበሽተኛው ፊት መስታወት ይዞ ቀስ እያሉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማንቀሳቀስ። ሰው ከሌላው ነገር ይልቅ የራሱን ፊት በዓይኑ ይከተላልና። እ.ኤ.አ. በ2009 ቤልጅየም ውስጥ የተሠራ ጥናት ሐኪሞቻቸው ተስማምተው «ዓይናቸው ይገለጣል እንጂ ምንም አያውቁም» ያሏቸውን 44 ሰዎች በእንዲህ ያለ ፈተና ቢያይ፣ 18ቱ ያውቁ ነበር። በ2024 የታተመው ደግሞ ይብሳል፦ አልጋቸው አጠገብ ሲታዘዙ ምንም ምላሽ ካልሰጡ 241 ሰዎች መካከል 60ዎቹ፣ ትእዛዙን በልባቸው ሲፈጽሙ በአንጎል ምስልና በሞገድ መዝጋቢ ተገኝተዋል።

ይህን ይዤ ምኒልክ ያውቁ ነበር ልል አልችልም። አያውቁም ነበር የሚለው ፍርድ ግን ማስረጃው የአንደበታቸው መዘጋት ብቻ ከሆነ አይጸናም። «መናገር አይችልም»ና «አያውቅም» በአማርኛም ሁለት ናቸው፤ ጸሐፊዎቻችን አንድ አደረጓቸው። ይለያሉ ወይ ተብሎ ሊጠየቅ ይገባ የነበረውም ምናልባት ሐኪም ሳይሆን፣ ሌት ተቀን ከአልጋው ያልራቁት እቴጌ ነበሩ። ዛሬ የሕክምና መመሪያዎች የቤተሰብን ምስክርነት እንዲሰሙ ያዛሉ። የጣይቱ ምስክርነት ግን ከሥልጣን ጥያቄ ጋር ተያይዞ ነበርና ማን ይመነው?

በኋላ ልጅ ኢያሱ ግቢውን ለመያዝ በሽተኛውን ወደ አንኮበር ሊወስዷቸው ፈለጉ። ቢሳካላቸው መንገዱ ወደ ተወለዱበት አገር ይመልሳቸው ነበር። የግቢው ዘበኞች አለቃ ፊታውራሪ ገብረ ማርያም እምቢ አሉ፤ ነገሩ እስከ ተኩስ ደረሰ። ንጉሡ እዚያው ሆነው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። በግቢው ስዕል ቤት ኪዳነ ምሕረት በድብቅ ተቀበሩ፤ ሞታቸው አልታወጀም። አራት ዓመት «ሰው ይለያሉ?» ሲባልላቸው የኖሩት ምኒልክ፣ ከሞቱም በኋላ ከግቢው ውጭ «አሉ ወይ?» እየተባለ ሲጠየቅላቸው ቆየ።