የልጆች የቁርጭምጭሚት ጉዳት፡ በቤት ውስጥ የሚደረግ እንክብካቤና ወደ ጤና ተቋም መሄድ የሚያስፈልግበት ጊዜ

ልጆች ኳስ ወይም ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ፣ ገመድ ሲዘሉ ወይም ወጣ ገባ በሆነ መንገድ ሲሮጡ እግራቸው ታጥፎ ቁርጭምጭሚታቸው ሊጎዳ ይችላል። አብዛኛው ጉዳት ቀላል በመሆኑ በቤት ውስጥ በሚደረግ ተገቢ እንክብካቤ ይድናል። ሆኖም በልጆች ላይ ወለምታ የሚመስል ጉዳት ስብራት ሊሆን ስለሚችል፣ ወላጆችና አሳዳጊዎች ምልክቶቹን መለየት፣ እንዲሁም የተጎዳን እግር ከማሸትና አጥብቆ ከማሰር መቆጠብ ይኖርባቸዋል።

የልጆች ጉዳት ከአዋቂዎች የሚለይበት ምክንያት

ወለምታ አጥንትን ከአጥንት ጋር የሚያያይዙ ጅማቶች ከመጠን በላይ ሲለጠጡ ወይም ሲበጠሱ የሚከሰት ጉዳት ነው። በማደግ ላይ ባሉ ልጆች ግን ከአጥንቱ ጫፍ አጠገብ አጥንቱ የሚረዝምበት ለስላሳ ክፍል ይገኛል። ይህ የማደጊያ ክፍል ብዙውን ጊዜ በዙሪያው ካሉት ጅማቶች ይልቅ በቀላሉ ይጎዳል። በመሆኑም በአዋቂ ላይ ወለምታ ብቻ የሚያስከትል አወዳደቅ በልጅ ላይ ስብራት ሊያስከትል ይችላል። ጉዳቱ በወቅቱ ካልታከመ እግሩ ሊያጥር ወይም ተጣሞ ሊያድግ ይችላል።

ምልክቶችን መለየት

በቀላል ወለምታ እብጠትና ህመም ቢኖርም ልጁ እያነከሰ መራመድ ይችላል፤ ህመሙም ከቀን ወደ ቀን ይቀንሳል። የሚከተሉት ምልክቶች ሲታዩ ግን ስብራት ሊኖር ስለሚችል ልጁን በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል፦

• በተጎዳው እግር 4 እርምጃ መራመድ አለመቻል፤
• በቁርጭምጭሚቱ ውስጥ ወይም ውጭ በኩል ጎልቶ የሚታየው አጥንት ሲነካ ማመሙ፤
• የእግሩ ቅርጽ መጣመም፤
• ከፍተኛ ወይም በፍጥነት የሚጨምር እብጠት፤
• መናገር ያልጀመረ ሕፃን እግሩ ሲነካ ማልቀሱ፣ ለመቆም እንቢ ማለቱ ወይም መራመድ ትቶ ወደ መዳህ መመለሱ።

ልጁ ሳይወድቅ ቁርጭምጭሚቱ ካበጠ፣ ከጋለና ትኩሳት ካለው የመገጣጠሚያ ወይም የአጥንት ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል አስቸኳይ ሕክምና ያስፈልገዋል።

በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ቀናት በቤት ውስጥ የሚደረግ እንክብካቤ

1. ማሳረፍ፦ ልጁ ጨዋታውን አቁሞ የተጎዳውን እግር እንዲያሳርፍ ማድረግ።
2. ማቀዝቀዝ፦ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ማስቀመጥና ይህንኑ በየ2 እና 3 ሰዓቱ መድገም። በረዶ ከሌለ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ መጠቀም ይቻላል። በረዶ በቀጥታ ቆዳን መንካት የለበትም።
3. ከፍ ማድረግ፦ ልጁ ሲተኛ እግሩን በትራስ ወይም በታጠፈ ጋቢ ከልቡ ከፍታ በላይ ማድረግ።
4. መጠቅለል፦ ላስቲክ ፋሻ ካለ ሳያጠብቁ መጠቅለልና ማታ ሲተኛ መፍታት።

ለህመም ማስታገሻ ፓራሲታሞል በልጁ ክብደት ልክ፣ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ወይም የጤና ባለሙያ ባዘዘው መጠን ይሰጣል። የአዋቂ መድኃኒት ቆርሶ መስጠትም ሆነ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አስፕሪን መስጠት አይገባም።

ህመሙ ሲቀንስ ልጁ እግሩን ቀስ በቀስ እንዲያንቀሳቅስ ማበረታታት ይጠቅማል። ወደ ስፖርት የሚመለሰው ያለ ህመም መሮጥና በተጎዳው እግር መዝለል ሲችል ነው። በ1 ሳምንት ውስጥ ግልጽ መሻሻል ካልታየ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል።

መደረግ የሌለባቸው ነገሮች

የተጎዳን ቁርጭምጭሚት ማሸት፣ መጎተት ወይም “ወደ ቦታው ለመመለስ” መሞከር ስብራትን ያባብሳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሙቅ ውሃ መዘፍዘፍና የሚያቃጥል ቅባት መቀባትም እብጠትን ይጨምራል።

ከሁሉም በላይ አደገኛው አጥብቆ ማሰር ነው። የተጎዳ እግር ለተወሰነ ጊዜ እያበጠ ይሄዳል። በቀርከሃ ወይም በመቃ ስንጥር ተደግፎ በጨርቅ ወይም በገመድ ሲጠፈነግ እብጠቱ መስፋፊያ ስለሚያጣ የደም ዝውውር ይቋረጣል፤ ሥጋው ይሞታል፤ ጋንግሪን ይከተላል። ብዙ ቤተሰቦች ወደ ወጌሻ የሚሄዱት በቅርብ ስለሚገኝ፣ ወጪው ስለሚያንስ፣ እንዲሁም ሆስፒታል እግር ይቆረጣል የሚል ፍርሃት ስላላቸው ነው። ነገር ግን በአገራችን ሆስፒታሎች እግራቸው ወይም እጃቸው ከተቆረጠ ልጆች መካከል አስቀድሞ በጥብቅ ታስረው የቆዩ ይገኙበታል። በጊዜው ወደ ጤና ተቋም የመጣ የቁርጭምጭሚት ስብራት አብዛኛውን ጊዜ በጄሶ ይድናል።

እግሩ የታሰረ ልጅ ጣቶች በየጊዜው መታየት አለባቸው። የጣት ጥፍር ተጭኖ ሲለቀቅ ቀለሙ በ2 ሴኮንድ ገደማ ውስጥ መመለስ ይኖርበታል። ህመሙ እየበረታ ከሄደ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ፣ ወይም ሲንቀሳቀሱ ብርቱ ህመም ካለ፣ ፋሻውን ወይም ማሰሪያውን ወዲያውኑ መፍታትና ሳይነጋ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ጄሶ የተደረገለት ልጅም ተመሳሳይ ምልክት ካሳየ በዚያው ሰዓት መወሰድ አለበት። በዚህ ወቅት የጥቂት ሰዓታት መዘግየት እግርን ሊያሳጣ ይችላል።

ቁስል ካለ ወይም አጥንት ከወጣ

ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን፣ የወጣውን አጥንት አለመግፋት፣ እግሩን ባለበት ሁኔታ በትራስ ደግፎ እንዳይንቀሳቀስ ማድረግና ወደ ሆስፒታል መውሰድ ይገባል። በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ መጥራት ይቻላል።

በጤና ተቋም የሚሰጥ አገልግሎት

ባለሙያው እግሩን መርምሮ እንደ አስፈላጊነቱ ራጅ ያዛል። ራጅ በሌለበት ጤና ጣቢያ ልጁ በሪፈር ወደ ሆስፒታል ይላካል። የማደጊያ ክፍል ስብራት በመጀመሪያው ራጅ ላይታይ ስለሚችል፣ ባለሙያው ጄሶ አድርጎ ልጁ ተመልሶ እንዲታይ ሊቀጥር ይችላል፤ ህመሙ ቢተውም ቀጠሮውን ማክበር ያስፈልጋል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የታደሰ የአባልነት መታወቂያቸውንና የሪፈር ወረቀታቸውን ይዘው ሊቀርቡ ይገባል። በገጠር የሚኖሩ ቤተሰቦች በአቅራቢያቸው ካለው ጤና ኬላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛን ማማከር ይችላሉ።