ዚግፍሪድ ዘልበርሄር
ዚግፍሪድ ዘልበርሄር እ.ኤ.አ. በ1955 በክሎስተርኖይቡርግ፣ ኦስትሪያ የተወለዱ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ፕሮፌሰር ሲሆኑ፣ በይበልጥ የሚታወቁት የሰሚኮንዳክተር ክፍሎችን በኮምፒውተር በማስመሰል (ሲሙሌሽን) ሥራቸው ነው።

በቪየና የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምህንድስና በ1978 ተመርቀው፣ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በ1981 አገኙ። ከ1988 ጀምሮ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የማይክሮኤሌክትሮኒክስ ተቋም ፕሮፌሰር ሆነው ሠርተዋል፤ ከ1998 እስከ 2005 ደግሞ የኤሌክትሪክ ምህንድስናና ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ዲን ነበሩ።

በ1980 ከባልደረቦቻቸው ጋር ያስተዋወቁት «ሚኒሞስ» የተባለው ፕሮግራም የሞስ (ብረት-ኦክሳይድ-ሰሚኮንዳክተር) ትራንዚስተርን ባሕርይ በሁለት ልኬት ያሰላል። ፕሮግራሙ የትራንዚስተሩን የጎን ገጽታ እንደ መረብ በጥቃቅን ነጥቦች ይከፋፍለዋል፤ በየነጥቡም የፖይሰንን እኩልታና የኤሌክትሪክ ፍሰት ቀጣይነት እኩልታዎችን እየደጋገመ በመፍታት የቮልቴጅ ሥርጭትን፣ የኤሌክትሮኖችን ጥግግትና የሚያልፈውን ከረንት ያገኛል። ስለዚህ መሐንዲሶች ቺፑን ሠርተው ከመለካታቸው በፊት ንድፉን መፈተሽ ይችላሉ። ኋላ ላይ የወጡ የፕሮግራሙ እትሞች ስሌቱን ወደ ሦስት ልኬት አሳድገውታል።

የሰሚኮንዳክተር ክፍሎችን ትንተናና ሲሙሌሽን የሚያብራራው መጽሐፋቸው በ1984 የታተመ ሲሆን፣ በዘርፉ መሠረታዊ ማጣቀሻ ሆኗል። በ1993 የአይትሪፕልኢ (የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ተቋም) ፌሎው ማዕረግ ተሰጥቷቸዋል።