ማሽኑ ቀድሞ ባለሙያው የዘገየበት መንገድ፦ ከወረዳኔት እስከ ደብረ ኤልያስ

ደብረ ኤልያስ ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለው ቅኔ ነው። በምሥራቅ ጎጃም፣ በዓባይ በኩል የምትገኘው ይህች ምድር ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎች አኩፋዳቸውን አንግተው ቅኔ ሲቆጥሩባት ኖረዋል። ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ደብሮች አንዱ ይኸው ነው። ስለ ኮምፒውተር ጥገናና ስለ ኔትወርክ ሥልጠና ለመናገር ከቅኔ ቤት መነሣት እንግዳ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ኢትዮጵያ በዚህ ሙያ ዛሬም የምትቸገርበትን ጥያቄ፣ «ባለሙያ እንዴት ይወጣል?» የሚለውን፣ ቅኔ ቤቱ ከመለሰው ዘመናት አልፈዋል።

የኔትወርክ ታሪካችን የሚጀምረው ከስልክ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ አዲስ አበባን ከሐረር የሚያገናኝ 477 ኪሎ ሜትር መስመር ተዘረጋ። ዕቃው ከባሕር ማዶ የመጣ ነበር፤ ሙያውም እንዲሁ። በ1945 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። ቦርዱም የራሱን ማሠልጠኛ ከፍቶ መስመር ዘርጊውንና ቴክኒሻኑን እዚሁ ማፍራት ጀመረ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን የሚያሠለጥነው ለአንድ መሥሪያ ቤት ነበርና ሙያው ከቴሌ ግቢ ብዙም አልወጣም።

ጥር 1989 ዓ.ም. ኢንተርኔት በይፋ አገር ውስጥ ገባ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ መንግሥት ወረዳኔትን ዘረጋ። ከ500 በላይ ወረዳዎችን በሳተላይትና በመሬት መስመር ከክልልና ከፌዴራል ጋር የሚያገናኝ ሥራ ነበር። ዲሽ ተተከለ፣ ራውተርና ስዊች ተገጠመ፣ የቪዲዮ ስብሰባ ማካሄጃ ቴሌቪዥን ተሰቀለ። በዚያው ሰሞን ስኩልኔትና የፕላዝማ ትምህርት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን አዳረሱ። ለዘመኑ ድፍረት የተሞላበት ውጥን ነበር።

ችግሩ የመጣው ተካዮቹ ወደ አዲስ አበባ ከተመለሱ በኋላ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ የኃይል ማስተካከያው ተቃጠለ፤ ማን ይጠግነው? ዲሹን ነፋስ አዞረው፤ ማን ያስተካክለው? ወረዳው ደብዳቤ ይጽፋል፣ ዞኑ ለክልል ያስተላልፋል፣ ባለሙያው በወሩ ይመጣል ወይም አይመጣም። ማሽኑ ገብቶ ነበር። ማሽኑን የሚያኖር ሰው ግን ገና አልተሠራም ነበር።

ሰውየውን የመሥራቱ ኃላፊነት ለቴክኒክና ሙያ ተሰጠ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መንገዱን ከፈተ፤ ቀጥሎ 10+1፣ 10+2፣ 10+3 መጡ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ስትራቴጂ ደግሞ ሥልጠናውን በሙያ ደረጃ ከፋፍሎ፣ ሠልጣኙ ለምን ያህል ጊዜ ተማረ ከማለት ይልቅ ምን መሥራት ይችላል ብሎ የሚጠይቅ የብቃት ምዘና አመጣ። «ሲኦሲ» የምንለው ይህ ነው። ሃርድዌርና ኔትወርክ ጥገና ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ፤ እንደ ደብረ ማርቆስ ፖሊቴክኒክ ያሉ ኮሌጆችም በየክልሉ ተስፋፉ።

ሐሳቡ ትክክል ነበር። እንዲያውም ደብረ ኤልያስ ለምትባል አገር አዲስ አልነበረም። የቅኔ ተማሪ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይነሣል፤ ደረጃ በደረጃ እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። በየቀኑ አዲስ ቅኔ ይቆጥራል፣ ለአስነጋሪው ያሰማል፣ ይታረማል። የትናንቱን ዛሬ መድገም አይፈቀድለትም። የኔታም የሚመርቁት ስንት ዓመት እንደተቀመጠ ቆጥረው ሳይሆን ቅኔው መሙላቱን ሰምተው ነው።

የኔትወርክ ገመድም እንዲሁ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉት። ከነጭ ብርቱካናማ ጀምሮ እስከ ቡናማ በቀለም ተራ ተደርድረው ጫፉ ላይ ይታሰራሉ። አንዷ ቦታ ከሳተች ገመዱ ይበላሻል፤ ቆርጦ እንደገና መጀመር ነው። ይህን በቃል ማጥናት የአንድ ምሽት ሥራ ነው። እጅ እስኪለምደው ድረስ ግን ብዙ ገመድ መቁረጥ ይጠይቃል። ስለዚህ ነው መመሪያው ከሥልጠናው 70 በመቶው በተግባር ይሁን የሚለው፤ የትብብር ሥልጠናም የታሰበው ሠልጣኙ ከድርጅት ገብቶ እንዲሠራ ነው።

ግን የትኛው ድርጅት? በአዲስ አበባ ባንክና ኩባንያ ሞልቷል። እንደ ደብረ ኤልያስ ባለ የገበሬ ወረዳ ብዙ ኮምፒውተር ያለው መንግሥት ራሱ ነው፦ ፍርድ ቤቱ፣ ገቢዎች፣ ጤና ጣቢያው፣ ትምህርት ቤቱ። ማተሚያው ሲበላሽና ኮምፒውተሩ አልነሣ ሲል ዕጣው ዕቃ ግምጃ ቤት መግባት ነው። ወጣቱ የሚለማመድበት ዕቃ አጥቶ ሰርተፍኬት ይዞ ሥራ ይፈልጋል፤ መሥሪያ ቤቱም የሚጠግንለት አጥቶ አዲስ ግዢ ይጠይቃል። ሁለቱ አንድ ከተማ ውስጥ ሳይገናኙ ይኖራሉ።

«ኢንተርኔት በሌለበት የምን ኔትወርክ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ቆይቷል፤ ጉዳቱም ቀላል አልነበረም። ቢሆንም ኔትወርክ ማለት ኢንተርኔት ብቻ አይደለም። አሥር ኮምፒውተሮችን በአንድ ስዊች አገናኝቶ ፋይል ማጋራትና አንድን ማተሚያ ለሁሉም ማድረስ ከውጭ ምንም መስመር አይፈልግም። የጤና ጣቢያ መዝገብ በሁለተኛ ዲስክ እንዲቀመጥ ማድረግም እንዲሁ። ይህን ሁሉ አንድ የሠለጠነ ልጅ ከወረዳው ሳይወጣ ይሠራዋል።

ስለዚህ መፍትሔው አዲስ ሕንፃ አያስፈልገውም። የወረዳ መሥሪያ ቤቶች የተበላሸ ዕቃቸውን ቆጥረው ለሠልጣኞች ይክፈቱ፤ አሠልጣኙ እንደ አስነጋሪ አጠገብ ቆሞ ያርም፤ ሠልጣኙም ለምዘና ከመቅረቡ በፊት ሞተው የነበሩ ማሽኖችን አስነሥቶ የተረከበውን መሥሪያ ቤት ማኅተም ይዞ ይምጣ። ገመዱ በሠራ ጊዜ ስዊቹ ላይ መብራት ይበራል። ምስክሩ እሱ ይሁን።